የነሐሱ ድምፅ ከፒያኖው ጋር አልገጥም ያለው ካሴቱ ተበላሽቶ ነው?

ጥያቄ፦ «የድምፅ ቅጂ ሠራተኛ ነኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ክራርና መሰንቆን ከሮክ ጋር የሚያዋህድ ባንድ ለማቋቋም እየሞከርን ነው። ዱባይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ኢንዶኔዥያዊ፣ ጉሩህ ጂፕሲ የሚባል የማይታወቅ የአገሩ ባንድ በ1977 ያወጣውን አልበም ከካሴት ገልብጦ ሰጠኝ። ሙዚቃው ልቤን ወስዶታል። ነገር ግን የነሐስ መሣሪያዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከፒያኖውና ከጊታሩም ጋር አይገጥሙም። ካሴቱ ተበላሽቶ ነው? ቅኝታቸውን በኮምፒውተር ባስተካክለውስ? አንዳንዱ ቦታ ቁርጥ የእኛን ባቲ ይመስለኛል፤ ዝምድና ይኖራቸው ይሆን? አንዱ ዘፈን ደግሞ በርዕሱ ላይ 1897 የሚል ቁጥር አለው፤ ዜማው ያን ያህል የቆየ ነው?»

ምላሽ፦ ካሴቱ ከዕድሜው ብዛት ትንሽ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ የሰሙት መንቀጥቀጥ ግን የካሴቱ አይደለም። መሣሪያዎቹ እንደዚያ እንዲንቀጠቀጡ ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው። በኮምፒውተር ካስተካከሉት የሚያጠፉት አልበሙ የተሠራበትን ምክንያት ነውና እባክዎ አይንኩት። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ሁለት ነገር ላርም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው «የማይታወቅ» የሚለው ቃል ነው። ከኢንዶኔዥያ ውጭ ይህን ባንድ የሚያውቁት ጥቂት የፕሮግረሲቭ ሮክ አፍቃሪዎች ናቸው፤ እውነት ነው። በአገሩ ግን የሮሊንግ ስቶን መጽሔት የኢንዶኔዥያ እትም በ2007 የአገሪቱን 150 ምርጥ አልበሞች ሲመርጥ ይህን አልበም ሁለተኛ አድርጎታል። መሥራቹ ጉሩህ ሱካርኖፑትራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ከፋትማዋቲ የወለዱት የመጨረሻ ልጅ ነው። ጂፕሲ ደግሞ ኪናን ናሱሽን ከበሮ፣ ክሪስዬ ቤዝ ጊታር የሚጫወቱበት የጃካርታ ወጣቶች ባንድ ነበር። ፒያኖውን የሚጫወተው ሮኒ ሃራሃፕ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው በ1975 እና በ1976 በጃካርታው ትሪ አንግካሳ ስቱዲዮ፣ በጊዜው ለአገሪቱ ትልቅ ነገር በነበረው ባለ 16 ትራክ መሣሪያ ቀረጹት።

ጉሩህ የማን ልጅ እንደሆነ የምነግርዎ በምክንያት ነው። ሱካርኖ የምዕራቡን ሮክ «ንጋክ-ንጊክ-ንጎክ» እያሉ ያጣጥሉት ነበር። በ1965 ኩስ በርሳውዳራ የሚባሉት ወንድማማቾች የቢትልስን ዓይነት ሙዚቃ በመጫወታቸው ለሦስት ወራት ታስረዋል። የሱካርኖ ልጅ ጉሩህ ጊታርንና ጋሜላን የተባለውን የኢንዶኔዥያ የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ በአንድ ክፍል ያገናኘው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ነው። የሱካርኖ እናት ደግሞ ባሊ የተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ተወላጅ ነበሩ፤ በአልበሙ የሚሰሙት ጎንግ ከብያር የተባለው የጋሜላን ዓይነትም ከ1910ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ከዚያው ከሰሜን ባሊ ነው። ስለዚህ የባሊ ድምፅ ለጉሩህ ለማሳመሪያ ከሩቅ የመጣ ዕቃ አልነበረም፤ የአያቱ አገር ድምፅ ነው።

ሁለተኛው እርማት አጭር ነው። «ጃንገር 1897 ሳካ» የሚለው ርዕስ ዜማው በ1897 ተደረሰ ማለት አይደለም። ሳካ በባሊ የሚሠራበት የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከአውሮፓው በ78 ዓመት ያህል ወደኋላ ይቀራል። 1897 ላይ 78 ሲደምሩ 1975 ይመጣል፤ ቀረጻው የተጀመረበት ዓመት ማለት ነው። የራሳችንን አቆጣጠር ይዘን ለኖርን ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ጋሜላን አንድ መሣሪያ ሳይሆን አብረው የተሠሩና አብረው የተቃኙ የጎንጎች፣ የደወሎችና የነሐስ ዝርጎች ቤተሰብ ነው። እርስዎን ያስቸገረው ጋንግሳ የሚባለው መሆን አለበት። በእንጨት ማቀፊያ ላይ የነሐስ ዝርጎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ከእያንዳንዱ ዝርግ ሥር ድምፁን የሚያጎላ የቀርከሃ ቱቦ ቆሟል። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ በእንጨት መዶሻ ይመታል፤ በግራ እጁ ጣቶች ደግሞ የመታውን ዝርግ ወዲያው ቆንጥጦ ድምፁን ያፍናል። ጋንግሳ ሁልጊዜ ጥንድ ነው። ከጥንዶቹ አንዱ ሆን ተብሎ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ተደርጎ ይቃኛል፤ ዝቅ ያለውን ፔንጉምባንግ፣ ከፍ ያለውን ፔንጊሰፕ ይሉታል። አንዱ በሰከንድ 400 ጊዜ፣ ሌላው 407 ጊዜ ቢርገበገቡና ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ቢመቱ፣ ጆሮዎ የሚሰማው በሰከንድ ሰባት ጊዜ የሚጎላና የሚደበዝዝ አንድ ድምፅ ነው። ይህ ኦምባክ ይባላል፤ ትርጉሙ ማዕበል ነው። ለባሊ ሰው ማዕበል የሌለው ጋሜላን ነፍስ የሌለው ነሐስ ነው።

የበገናን ነገር ያስቡ። ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ያመጣሉ። በገና ሰምቶ የማያውቅ የውጭ አገር ባለሙያ ንዝረቱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በኮምፒውተር ቢያጸዳው ምን እንደሚቀር እርስዎ ያውቁታል። ኦምባክን ማጽዳትም ያው ነው።

ከፒያኖው ጋር አለመግጠሙ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከመንቀጥቀጡ ጋር አይቀላቅሉት። የጋሜላን ቅኝት የሚወጣው ከሞረድ ነው። አንጥረኛው ዝርጉን ገልብጦ መሐሉን ሲፍቀው ድምፁ ይወርዳል፤ ጫፎቹን ሲሞርድ ድምፁ ይወጣል። የክራር መቃኛ አዙሮ እንደ መመለስ አይደለም፤ የተፋቀ ነሐስ አይተካም። ጠቅላላው ስብስብ የሚቃኘው ለራሱ እንጂ ለአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ አይደለም። ከዚህ የተነሳ የአንዱ መንደር ጋሜላን ከጎረቤቱ መንደር ጋሜላን ጋር እንኳን በትክክል አይገጥምም፤ ከአንዱ ስብስብ ዝርግ አውጥቶ ለሌላው መስጠትም አይቻልም። እንዲህ ያለ መሣሪያ አጠገብ በእኩል የተከፋፈሉ 12 ድምፆች ያሉት ፒያኖ ሲቀመጥ አለመግባባቱ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

ባቲ መስሎኛል ማለትዎ የጆሮዎን ጥራት ያሳያል። ጎንግ ከብያር የሚጠቀመው ሴሊሲር የተባለውን የፔሎግ ቅኝት ነው፤ በፒያኖ ቋንቋ በግምት ሲጻፍ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ሜጀር ባቲ ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምስቱም ድምፆች አንድ ሆነው መነሻቸው ብቻ ይለያያል። ይሁን እንጂ «በግምት» የሚለውን ቃል አጥብቀው ይያዙ። በፒያኖ ከሚ ወደ ፋ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም 100 ሴንት ነው፤ በጋሜላን ይህ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ይሰፋል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋም ከስብስብ ስብስብ ይለያያል። ስለ ዝምድናው ደግሞ፣ የድምፆች መመሳሰል ብቻውን የጋራ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። የጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴትም እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ትጠቀማለች። ሰፊና ጠባብ ርቀቶችን አፈራርቆ አምስት ድምፅ መምረጥ ብዙ ሕዝቦች በየፊናቸው የደረሱበት ነገር ነው። አንዳንዶች ስሌንድሮ የተባለውን ሌላውን የኢንዶኔዥያ ቅኝት ከትዝታ ጋር አንድ ያደርጉታል፤ እርሱ ይበልጥ የራቀ ነው። የስሌንድሮ አምስት እርምጃዎች እያንዳንዳቸው ወደ 240 ሴንት ገደማ ተቀራራቢ ናቸው፤ ትዝታ ግን 200 እና 300 እያለ የሚራመድ ቅኝት ነው።

ካሴቱ እውነት ተጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ ነሐሱን ትተው ፒያኖውን ይያዙ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። ማጫወቻው በአንድ በመቶ ከፈጠነ ሁሉም ድምፅ በ17 ሴንት ከፍ ይላል፤ በሦስት በመቶ ከፈጠነ ደግሞ በ51 ሴንት፣ ይኸውም የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ይሆናል። ቁልፉ «ሁሉም» የሚለው ላይ ነው። የፍጥነት ችግር ፒያኖውንም፣ ቤዙንም፣ ዘፋኙንም፣ ነሐሱንም አብሮ ይወስዳቸዋል፤ አንዱን ከሌላው አይለያይም። ፒያኖው ከቤዙ ጋር ተስማምቶ ነሐሱ ብቻ ከተለየ ጥፋቱ የቴፑ አይደለም። መንቀጥቀጡንም በዚሁ መንገድ ይፈትኑት። ረጅም የፒያኖ ድምፅ ወይም ዘፋኙ ጎትቶ የያዘው ቃል ቢዋዥቅ የማጫወቻው ጎማ አርጅቷል ወይም ቴፑ ተስቧል። ፒያኖው ጸጥ ብሎ ቆሞ ነሐሱ ብቻ የሚሞገድ ከሆነ እርሱ ኦምባክ ነው። አንድ ገደብ ልጨምር፤ የስቱዲዮው ፒያኖ ራሱ በትክክል በተለመደው መለኪያ፣ በ440 ሄርትዝ (በሰከንድ 440 ርግብግቢት) ላይ ተቃኝቶ ነበር ብሎ መማል ስለማይቻል፣ ከ10 ሴንት ለሚያንስ ልዩነት ፍጥነት ለማስተካከል አይድከሙ።

ቅኝት አራሚ ፕሮግራምስ? ከሥነ ምግባሩ በፊት አሠራሩ ራሱ አይሆንልዎትም። ፕሮግራሙ የተሠራው ለሰው ድምፅና ለአውታር ነው። በአውታር ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚወጡት ድምፆች ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ በሥርዓት ይደረደራሉ። የነሐስ ዝርግ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በሁለት ጫፍ ነፃ የሆነ ዝርግ 2.76 እጥፍ፣ ከዚያ 5.4 እጥፍ እያለ ይዘላል። ፕሮግራሙ የትኛው መሠረታዊ ድምፅ እንደሆነ ግራ ስለሚገባው ጤነኛውን ይሰብራል። በዚያ ላይ ማዕበሉ አለ። አንጥረኛው የሰባቱን ምት ፍጥነት ከላይ እስከታች እኩል ለማድረግ ስለሚጥር፣ በ200 ሄርትዝ አካባቢ በጥንዶቹ መካከል ያለው ልዩነት 60 ሴንት ይጠጋል፤ በ800 ሄርትዝ ደግሞ ወደ 15 ሴንት ይወርዳል። በአንድ ቁጥር ሁሉን አስተካክላለሁ የሚል መሣሪያ ለዚህ መልስ የለውም። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ላይ ከተቀላቀለበት የካሴት ቅጂ ነሐሱን ለይቶ ማውጣትም እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ ችግሩን ያውቁታል።

አለመግጠሙ ለምን እንደተፈለገ የሚገባዎ «ሾፓን ላሩንግ» የሚለውን ዘፈን ሲያዳምጡ ነው። ከአውሮፓዊው የሙዚቃ ደራሲ ከሾፓን የፒያኖ ሥራ የተወሰደ ዜማ በባሊኛ ቃላት ይዘፈናል። ላሩንግ ማለት ወደ ባሕር መልቀቅ፣ ለማዕበል አሳልፎ መስጠት ነው። ግጥሙ የሾፓን ወገኖች፣ ማለትም ከውጭ የሚጎርፉት ሰዎች፣ የባሊን ጥበብ እያበላሹ ነው ብሎ ያዝናል። አስቡት፤ ፒያኖው የአውሮፓን ዜማ እያንቆረቆረ ሳለ ነሐሱ በራሱ ቅኝት አልንቀሳቀስም ብሎ ቆሟል። ሁለቱ ቢስማሙ ግጥሙ ውሸት ይሆን ነበር። እኔ ይህን ዘፈን ስሰማ ሁልጊዜ የምጠብቀው ያን የማይገጥም ቦታ ነው፤ የአልበሙ ልብ የሚመታው እዚያ ነውና።

ወደ ራስዎ ባንድ ልምጣ። ከጉሩህ ጂፕሲ በኋላ የመጡ ኢንዶኔዥያውያን ለዚሁ ችግር የተለያየ መውጫ አግኝተዋል። ከባንዱንግ ከተማ የተነሳው ክራካታው የተባለ ባንድ በጃዝ ጀምሮ በ1990ዎቹ ወደ ሱንዳ (የምዕራብ ጃቫ ሕዝብ) ሙዚቃ ሲዞር፣ ጋሜላኑን ሳይነካ የራሱን መሣሪያዎች አጎነበሰ፤ የድዊኪ ዳርማዋን ኪቦርድ በሱንዳ ቅኝት ተቃኘ፣ ቤዙም ፍሬት (አንገቱ ላይ የድምፆቹን ቦታ የሚወስኑት የብረት ዘንጎች) የሌለው ሆነ። ሪዛ አርሻድ ይመሩት የነበረው ሲማክዲያሎግ ደግሞ የነሐሱን ግጭት ጭራሽ አልገባበትም። የምዕራቡን ከበሮ አውጥቶ በምትኩ ኬንዳንግ የተባሉትን የሱንዳ የእጅ ከበሮዎች አስገባ፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖውና ጊታሩ በራሳቸው ቅኝት ቀሩ፣ የአገሩ ነገር በምቱ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው መንገድ ማፈራረቅ ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ዝም ይላል፣ የሚገናኙት ለአጭር ጊዜና በተመረጠ ቦታ ነው። ይህ ቀላሉ ነው፤ ሲበዛ ግን ሁለት ባንዶች ተራ የሚጠብቁ ያስመስላል።

የእናንተ ችግር ከባሊዎቹ የተለየ መሆኑንም ያስተውሉ። ነሐስ አልሸነፍም ማለት ይችላል፤ ክራር አይችልም። መቃኛውን ትንሽ ማዞር ይበቃልና ማንም ሳያስተውል ለኪቦርዱ ይገዛል። አንድ ጊዜ አንድ አንጋፋ የክራር ተጫዋች ስቀዳ ስድስቱንም አውታር በመቃኛ መሣሪያ ከኪቦርዱ ጋር አስማማሁላቸው። መጫወት ሲጀምሩ ሁለቱን አውታሮች በጥቂቱ አዞሩ። አቁሜ መለስኳቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ እንደገና አዞሩ። በሦስተኛው ጊዜ የኪቦርዱን ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫቸው አጠፋሁና ብቻቸውን ይጫወቱ አልኳቸው። ድምፃቸው በእነዚያ ሁለት አውታሮች ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ስሰማ አፈርኩ። ቅኝቱ የተወሰደው ከጉሮሯቸው ነበር፤ የእኔ መሣሪያ ደግሞ ጉሮሯቸውን አያውቅም። በተለይ አንቺሆዬ ላይ ይህ ጥንቃቄ ካልተደረገ ቅኝቱ ስሙን ይዞ ጣዕሙን ያጣል።

መሰንቆ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተመቸ ነው፤ አንድ አውታር ስላለውና ጣት በፈለገበት ስለሚያርፍ እንደ ሰው ድምፅ ይከተላል። ዋሽንት ቀዳዳው የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቾች የተለያየ ቁመት ያላቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ዘፈኑን ከመምረጥዎ በፊት የትኞቹ እንዳሏቸው ይጠይቁ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የካሴቱን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ፒያኖው ካረጋገጠልዎ ብቻ ፍጥነቱን በቅጂው ላይ ያስተካክሉ፤ ነሐሱን ግን በጭራሽ አያርሙ። በባንድዎም ፈረንጁ መሣሪያ ለክራሩ ይጎንበስ እንጂ ክራሩ ለእርሱ አይጎንበስ። የመጀመሪያውን ልምምድ ያለ ኪቦርድ ያድርጉት። የክራር ተጫዋቹ ወይም ተጫዋቿ እየዘፈኑ በራሳቸው ድምፅ ይቃኙ፤ ከዚያ እያንዳንዱን አውታር ለብቻ ቀድተው ከፒያኖው ቅኝት ስንት ሴንት እንደሚርቅ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ኪቦርዱን በዚያ ወረቀት ይቃኙት፤ ብዙ ዘመናዊ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ የማስተካከያ ቦታ አላቸው። ለቤዙ ፍሬት የሌለው ይፈልጉ። ጊታሩ ፍሬት ስላለው እስከመጨረሻው አይገዛም፤ ስለዚህ ከክራሩ ጋር አንድ ዜማ አብሮ እንዲመታ አያስገድዱት፤ ምቱን ይያዝ፣ ክራሩ ሲያርፍ ይግባ። ወረቀቱንም አይጣሉት፤ ሌላ ቀን፣ በሌላ ዘፈን፣ ያው ተጫዋች ሌላ ቁጥር ይሰጥዎታልና ሁለቱን ያነጻጽሩ።